ሊቀመንበሩ የፈቀደልን ዕረፍት

ሳልጠብቀው ደግ የሚሆንልኝ ባለሥልጣን ሳይ እስከ ዛሬ እሸሸዋለሁ። ምስጋና ቢስ እንዳልመስላችሁ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። መምህርት ነኝ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። ባልደረቦቼ «ሙሉ እኮ፣ ሰላምታ ስትሰጥ እንኳ መግቢያና ማጠቃለያ አላት» እያሉ ይስቁብኛል።

ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ልደታ አካባቢ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የምኖረው ጌጃ ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት የቀበሌ ቤቶች በአንዱ፣ ከእናቴ ጋር ነው። አባታችን ቀደም ብሎ አርፏል። ታናሽ ወንድሜ ደረጀ በብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከዘመተ ዓመት አልፎታል። ደብዳቤው ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። በዘገየ ቁጥር እናቴ «መንገዱ ነው» ትላለች፤ እኔም ካርታ ዘርግቼ መንገዱ ምን ያህል ሩቅና ጠመዝማዛ እንደሆነ በእርሳስ ጫፍ አሳያታለሁ። ሰውን በካርታ ማጽናናት ይቻላል ብዬ የማምንበት ዘመን ነበር።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ክረምት ሲገባ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ የምትነሳው ግድግዳ ይዛ ነው። ሐኪሙ «ፍል ውሃ ትሞክር» አለኝ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ፍል ውሃ ጠፍቶ አይደለም፤ ወረፋው ራሱ ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ ሶደሬ እንድወስዳት ወሰንኩ። በመምህር ደሞዝ ሶደሬ ቀልድ ነው፤ ነገር ግን የመምህራን ዕቁብ ነበረኝና ነሐሴ ላይ ዕጣው ሲወጣልኝ እንደ እግዚአብሔር ድምፅ ቆጠርኩት። እናቴም ደስ አላት። «ጳጉሜ ውሃ ሁሉ ይባረካል፤ ከሄድን በጳጉሜ ነው» አለች።

ዕቅዱን ያወጣሁት እንደ ትምህርት ዕቅድ ነው። ዓላማ፣ የእማዬን ጉልበት ማሳረፍ። መርጃ መሣሪያ፣ ሻንጣ፣ ፎጣና ስንቅ። ግምገማ፣ ስትመለስ ግድግዳ ሳትይዝ መነሳቷ። አንድ ነገር ብቻ ከእኔ አቅም ውጭ ነበር። በደርግ ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት መያዝ ነበረበት። ወረቀት የሌለው ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ይወርዳል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታፈሰ ይባላል። በፊቱ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ግን ዘመኑ አልፏልና አልልም። ከአብዮቱ በፊት ወፍጮ ቤት ሒሳብ ይቀበል የነበረ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ እጁ ሁልጊዜ የሚያልበው ሰው ነው። በንጹሕ ጽሑፍ የጻፍኩትን ማመልከቻ አየና ሳቀ።

«የአብዮት በዓል ደርሶ ሶደሬ? ጓድ መምህርት፣ ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ አንቺ ልትነከሪ?»

«በዓሉ መስከረም ሁለት ነው። እኛ በጳጉሜ ሄደን...»

«ማንም አይወጣም። በሰልፉ ቀን የእኛ ቀበሌ ሊሳሳ ነው እንዴ? ከበዓሉ በኋላ ነይ።»

ከበዓሉ በኋላ ትምህርት ይከፈታል። ማመልከቻዬን ይዤ ወጣሁ፤ ለእናቴም እየተቀየምኩ ነገርኳት። በዚያው ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ኖራና ቀለም ሆኖ ነበር። በዋናው መንገድ በኩል ያሉት የቆርቆሮ አጥሮች አረንጓዴ ይቀባሉ፤ በመንገድ የሚያልፍ እንግዳ የሚያየው ፊታቸው ብቻ። ወደ እኛ የሚዞረው ጀርባቸው እንደ ዛገ ቀረ።

ማክሰኞ ዕለት ሊቀመንበሩ ራሱ አስጠራኝ። ወረቀቱ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«አሰብኩበት» አለኝ እየሳቀ። «እናት ናቸው። ለእናት የማይሆን አብዮት ምን ያደርጋል? ዓርብ ጠዋት ትሄዳላችሁ። አውቶቡስ ተራ ሰው አለኝ፤ ወረፋ አትይዙም። ደግሞ አትቸኩሉ። መስከረም አጋማሽ ድረስ ጽፌልሻለሁ።»

«ሰልፉስ?»

«ሰልፉን ተዪው! ይልቅ ወደ ቀበሌው ሱቅ ጎራ በይ፣ ስኳር እንዲሰጡሽ ብያለሁ። ለመንገድ።»

ስኳር በራሽን በሚታደልበት ጊዜ ከራሽን ውጭ ስኳር! ማመልከቻዬ በደንብ ስለተጻፈ ነው ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው። ሰው የተጣራ አማርኛ ሲያነብ ልቡ ይራራል ብዬ እየተደሰትኩ፣ ስኳሬን ታቅፌ ወደ ቤት ሄድኩ።

ረቡዕና ሐሙስ ቤታችን የሠርግ ቤት መሰለ። አጠገባችን የሚኖሩት እትዬ አስካለ ዳቦ ቆሎ አድርገው በትልቅ ከረጢት አመጡ። ከግቢያችን በር ላይ ትንሽ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ዘይነባ አዲስ ፎጣ ሰጡን፤ ሒሳብ ስንላቸው ተቆጡ። ሻንጣውን ከባልደረባዬ ተውሼ ነበርና መቆለፊያው ስለማይሠራ በሲባጎ ማሰር ነበረብን። እናቴ ትልቁ ጭንቀቷ ሌላ ነበር።

«እውነት በሰው ፊት ልብስ አውልቆ ነው የሚገባው?»

«እማዬ፣ የዋና ልብስ የሚባል አለ።»

«እኔ ነኝ የዋና ልብስ የምለብሰው? በጉርዴ እገባለሁ።»

«በጉርድ ከገቡማ ውሃው ጉርዱን እንደ ዣንጥላ ይዘረጋዋል!» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ፤ ሁላችንም ሳቅን። እናቴ በጣም የሳቀችው ያን ጊዜ ነው፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር። እትዬ አስካለ ግን ሳቃቸውን ጀምረው መሐል ላይ ተዉት፤ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ። ጭሱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው ነገሩ የተገለጠው። እናቴ ከውስጥ ክፍል ልብስ እያጣጠፈች ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሲባጎውን እለካለሁ። እትዬ አስካለ ከቤታቸው ወጥተው ግቢውን አቋርጠው ወደ እኛ መጡ፤ በእጃቸው የተቀቀለ እንቁላል በሳህን ይዘዋል። ነጠላቸውን አየሁና እጄ ሲባጎው ላይ ቀረ።

ይህን ለልጆች በክፍል ውስጥ እንደማስረዳው ላስረዳ። የእኛ ነጠላ ዝም ብሎ ጨርቅ አይደለም፤ ይናገራል። በደህና ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ሐዘን ያለባት ሴት ግን ነጠላዋን ታዘቀዝቀዋለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷን ይከባል። ማንም ሳይነገረው፣ ከሩቅ አይቶ ይረዳል። እትዬ አስካለ እንቁላላቸውን ይዘው የመጡት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር።

ከኋላቸው የደረሱት ወይዘሮ ዘይነባ አዩአቸው። «እትዬ!» አሉ በሹክሹክታ፤ ሁለት እጃቸውን ሰድደው ነጠላውን ከትከሻቸው ገፈው ገለበጡት። እትዬ አስካለ እንደ ሌባ ደነገጡ።

«ማን ሞቶብዎት ነው?» አልኩ።

«ማንም! ተሳስቼ ነው። እርጅና...»

«እትዬ አስካለ፣ እርስዎ ነጠላ ተሳስተው አያውቁም።»

እትዬ አስካለ አፋቸውን በነጠላው ጫፍ ይዘው ወደ ውሃው ቧንቧ ሸሹ። ተከተልኳቸው። ወይዘሮ ዘይነባም ተከተሉን፤ ቧንቧውንም ከፈቱት፣ የውሃው ድምፅ ወሬያችንን እንዲሸፍን።

«እትዬ፣ እኔ ከእንግዲህ አልችልም» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። ከዚያ እጄን ያዙ። «ልጄ፣ ደረጀ የለም።»

«የለም ማለት?»

«ሰኞ ለቀበሌ ወረቀት መጣ። ሊቀመንበሩ የእድሩን ዳኛና እኛን፣ የግቢውን ሰዎች፣ ጠርቶ ነገረን። ከበዓሉ በፊት ለእናቱ ትንፍሽ እንዳንል አለ። ጌጃ ሰፈር ውስጥ ጩኸት አይሰማም አለ።»

«ቤቴ ስገባ አዘቀዝቀዋለሁ፣ ስወጣ እገለብጠዋለሁ» አሉ እትዬ አስካለ እያነቡ። «ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ዛሬ እንቁላሉ እንዳይቀዘቅዝ ስሮጥ ረሳሁት። ልጄ፣ እኔ ነኝ እኮ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት።»

ምን እንደተሰማኝ ብጠየቅ፣ ሐዘን ከማለቴ በፊት ሌላ ነገር ነው የምመልሰው። ሐዘኑ በኋላ መጣ። መጀመሪያ የመጣው ማቅለሽለሽ ነው። የይለፍ ወረቀቱ፣ ስኳሩ፣ ያለ ወረፋ የተያዘው አውቶቡስ፣ ዳቦ ቆሎው፣ ፎጣው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ በአፌ ውስጥ ጣዕሙ ተለወጠ። እናቴ ልጇ ሞቶ ስለ ጉርዷ ስትስቅ፣ የሳቀላት ሁሉ ያውቅ ነበር።

ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። ጓድ ታፈሰ ከሁለት ሰዎች ጋር ምሳ ይበላ ነበር። ገበታው የተዘረጋው በበዓሉ መፈክር ጨርቅ ጠርዝ ላይ ነው፤ ቀይ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ፊቴን አይቶ ነገሩን አወቀ። ሁለቱ ሰዎች «እንብላ» አሉኝ፤ ወደ ገበታው አልቀረብኩም።

«ነገሩሽ» አለ። «ምነው እነዚህ ሴቶች! ነይ፣ ነይ። በባዶ ሆድ ሐዘን አይወራም።» ጠቅልሎ ተነሳ። ትልቅ ጉርሻ ነበር፤ ወጡ በጣቶቹ መሐል ይወርዳል። እጄን ለመከላከል ሳነሳ እሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ ከልጅነቴ እንዲህ ተብዬ ነው ያደግኩት። አፌ ተሞላ። የሚያልበው ጣቱ ከንፈሬን ነካው።

አፌ ሞልቶ ሳለ የሚለውን ሁሉ አለ።

«አየሽ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይህ እኮ የራሳችን ባህል ነው። መርዶ በጥድፊያ ይነገራል? አይነገርም። ሰው መጀመሪያ ይጠነክራል፣ ይበላል፣ ያርፋል። ማዘር ሶደሬ ሄደው ጉልበታቸው ይበርታ። ሲመለሱ እኛ ራሳችን ድንኳን ተክለን፣ ጀግና ነው ብለን፣ በክብር እናረዳቸዋለን። ለሞተው ምን ይለወጥበታል? ለበዓሉ ግን እንግዶች በዚህ መንገድ ያልፋሉ። በሰፈር ውስጥ እሪታ ሲሰሙ ምን ይላሉ? ለእናንተም ደግ አይሆንም። ሰው ሆን ብሎ በበዓል ዋዜማ እሪ ሲል ቅስቀሳ ነው የሚሉ አይጠፉም። እኔ ግን እንደዚያ አልልም። ስኳሩ ደረሰሽ አይደል?»

መናገር ስላልቻልኩ ራሴን ነቀነቅኩ። አሁንም ሳስበው ያቅረኛል። እሱ እንደ እሺታ ቆጠረውና «በርቺ» ብሎ ወደ ገበታው ተመለሰ። ወጥቼ በኖራ የተቀባው ድንጋይ ላይ ያንን ጉርሻ ተፋሁት። ከዚያም ቁርሴንና ምሳዬን ጨምሬ አስመለስኩት። አጥር የሚቀቡት ሰዎች ብሩሻቸውን ይዘው አዩኝ።

የእድራችን ዳኛ ጋሼ በዛብህ ከልደታ ማርያም በታች ይኖራሉ፤ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው። በራቸው ላይ አገኘኋቸው። ገና ሳልናገር ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ አውቃለሁ። ምን ላድርግ? ድንኳኑን ቀበሌው ለበዓሉ መስተንግዶ ወስዶታል። ወንበሩንም፣ ድስቱንም። ከመስከረም ሦስት በፊት አይመልስም።»

«የእድር ድንኳን ለሐዘን አይደል የተገዛው?»

«ነው እንጂ። በሌለ ድንኳን ሰው ላስቀምጥ? በጳጉሜ ዝናብ?»

«ጋሼ በዛብህ፣ ነገ ጠዋት ቤታችን ይምጡ። መርዶ በንጋት ነው አይደል? ይንገሩልኝ።»

«እንዲያው ብትሄዱና ስትመለሱ...»

«አልሄድም። ነገ ካልመጡ እኔ እነግራታለሁ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልጅ ለእናቷ መርዶ ትነግራለች? ተሰምቶም አይታወቅ።»

«እናት ልጇ ሞቶ ሰፈሩ ሁሉ ሻንጣ ሲሸክፍላት ተሰምቶ ያውቃል?»

ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። እኔም ደህና ዋሉ ሳልል ሄድኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ ሻንጣውን ጨርሳ ነበር። ከላይ የደረጀ ሸሚዝ አለ፤ ነጩ፣ ኮሌታው የተገለበጠው።

«ይህን ለምን?» አልኳት።

«ውሃው ውስጥ እነክረዋለሁ። እሱ መምጣት ካልቻለ ልብሱ በረከቱን ያግኝ። ሲመጣ ይለብሰዋል።» ሸሚዙን በእጇ ዳሰሰችው። «ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ድካም ነው። ነገ ውሃው ውስጥ ትረሺዋለሽ።»

በዚያው ቅጽበት ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ልንገራችሁ፣ ያ የሚያስጠላው ሰው አንድ ነገር ላይ ልክ ነበር፤ መርዶ ደንብ አለው። ብቻዋን፣ ምሽት ላይ፣ የሚደግፋት ሽማግሌ በሌለበት አይነገርም። ደንቡ የተሠራው ሰው እንዳይሰበር ነው። እነሱ ግን ይህንኑ ደንብ ለአጥር ቀለም አደረጉት። ስለዚህ ሲባጎውን ይዤ ሻንጣውን ማሰር ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ አሰርኩት፣ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። እናቴ «መምህርት ሆነሽ ቋጠሮ አቃተሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሲነጋ ካፊያ ነበር። እናቴ ከእኔ ቀድማ ተነስታ የክት ቀሚሷን ለብሳለች። ጉልበቷን ረስታዋለች፤ ግድግዳ አልያዘችም። በሩን ስከፍት ወይዘሮ ዘይነባ ጥቁር ሻሽ አስረው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። እትዬ አስካለ ከጎናቸው ናቸው። የግቢው በር ተንኳኳና ጋሼ በዛብህ በዱላቸው እየተደገፉ ገቡ። ከኋላቸው ሁለት የእድር ሽማግሌዎች። መጡ።

እናቴ ሻንጣውን ይዛ ብቅ አለች። ፊቷ በራ።

«ውይ! ሊሸኙን መጡ! በዚህ ዝናብ? እትዬ አስካለ፣ ምን ነበረበት? አሁን እኮ ተመላሽ ነን።»

እናቴ ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነው። ዓይኗ ጋሼ በዛብህ ላይ ደረሰና ቆመ።

«ጋሼ በዛብህ... የእድር ዳኛ መንገደኛ ሲሸኝ አይቼ አላውቅም» አለች በቀስታ።

ጋሼ በዛብህ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የስንቱን ቤት መርዶ የነገሩ ሰው ያን ቀን አቃታቸው። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ደረጀ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ» አልኩ።

ሻንጣው ከእጇ ወደቀ። እኔና ወይዘሮ ዘይነባ ሁለት ክንዷን ያዝን። የጮኸችው ጩኸት የሰው ድምፅ አልነበረም። ወዲያው ደግሞ የግቢውና የጎረቤቱ በሮች ተከፈቱ፤ ሴቶቹ እየሮጡ መጡ። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። ከእንቅልፍ የነቃ ሰው እንዲህ አይለብስም። ለብሰው፣ ተዘጋጅተው፣ ከበራቸው ጀርባ ቆመው ነው ያነጉት። ለቅሷቸው የእውነት ነበር፤ አልጠራጠርም። ቢሆንም እንደዚያ የተዘጋጀ ለቅሶ ሳይ ፊቴን አዞርኩ።

ድንኳን አልነበረም። ሰው በየበሩ ስር፣ በቧንቧው ዙሪያ፣ በተገለበጠ ባልዲና በሳጥን ላይ ተቀመጠ። ረፋዱ ላይ ጓድ ታፈሰ ከሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት ጋር መጣ። መጀመሪያ በሩ ላይ ሆኖ «ቀስ! ቀስ በሉ!» አለ። ሕዝቡን ሲያይ ግን ፊቱን ለወጠ። ቆቡን አውልቆ ወደ እናቴ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘ።

«ማዘር፣ ልጅዎ አልሞተም። ጀግና አይሞትም። ለእናት አገሩ...»

እናቴ እጁን አልለቀቀችም። ማልቀሷን አቆመች። «መቼ ሰማህ ልጄ?»

«ምን አሉኝ?»

«መሞቱን መቼ ሰማህ?»

«ይህ እንግዲህ በመንግሥት በኩል፣ በሥርዓቱ...»

«ሰኞ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ ጮክ ብለው። «ሁላችንም ሰኞ ነው የሰማነው። አላህ ይቅር ይበለን።»

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ እንዲህ አይጠየቅም። ለቀስተኛ መቼ ሰማህ አይባልም። እናቴ ግን አንድ በአንድ ዞራ አየቻቸው።

«ረቡዕ ስስቅ ታውቁ ነበር? ስለ ጉርዴ ስናወራ?»

እትዬ አስካለ መሬት ላይ ተደፉ። ሊቀመንበሩ እጁን ለማስለቀቅ ሳበ፤ እናቴ አጥብቃ ያዘችው። «አንተም ወረቀት ስትሰጠን ታውቅ ነበር?» አለችው። እሱ በሩን በሩን አየ። በመጨረሻ ለቀቀችውና መዳፏን በቀሚሷ ጠረገችው። የእሱ ላብ ነበረበት። ከአብዮት ጥበቃዎቹ አንዱ፣ ዕድሜው ከደረጀ የማይበልጥ፣ ጠመንጃውን አውርዶ ግድግዳ ላይ አስደገፈውና ከሰው ጋር ቁጭ አለ። ጓድ ታፈሰ ብቻውን ወጣ።

በበዓሉ ቀን የግቢያችን ሴቶች አንዳቸውም ሰልፍ አልወጡም። ሐዘን ላይ ነን አሉ። ይህን ሊከለክል የደፈረ አልተገኘም። እኔ ትምህርት ሲከፈት በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ «በበዓል ዋዜማ ሕዝብ ያወከች» ተብዬ ቆምኩ። «መርዶ ነገርኩ» ብዬ ተቀመጥኩ። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አዛወሩኝ፤ ከቤቴ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ።

አሁን ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ መርዶ ማቆየት ክፉ ነው እንዳልኩ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ። ሽማግሌዎቻችን ለልብ ድካም ሰው፣ ለአራስ፣ ለመንገደኛ መርዶ ያቆዩ ነበር። ይህ ርኅራኄ ነው። እኔ የምላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሲቆይ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የሚጠቀመው ሐዘንተኛው ከሆነ ይቆይ። ሌላ ሰው ከሆነ ግን ያ ርኅራኄ አይደለም፤ በሰው እንባ ላይ የተቀባ ቀለም ነው። ከዚያ ወዲህ በሥራ ቦታም ሆነ በሰፈር መርዶ ሲያዝ ይህንኑ እጠይቃለሁ። «ጨካኝ» የሚሉኝ አሉ። ይበሉኝ።

እትዬ አስካለን እናቴ ይቅር ብላቸዋለች፤ አብረው ዝክር ይዘክራሉ። እኔ ግን ጉርሻ ሲሰጡኝ እጃቸውን ሳላይ አልቀበልም።

የደረጀ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እናቴ ጉልበቷ እየባሰ ሲሄድ፣ «አሁን ሶደሬ ልውሰድሽ?» አልኳት። ጥጥ ትፈትል ነበር፤ እንዝርቷን አቆመች።

«እወዳለሁ» አለች። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ያኔ ዝም ብለሽ ወስደሽኝ ቢሆን ኖሮ፣ ውሃው ደስ ይለኝ ነበር። እስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እስክሞት ድረስ ያን ሳቄን ማን ያጥብልኝ ነበር?»

እንዝርቷን መልሳ አሾረችው።

«ትኬቱን ቁረጪ» አለችኝ።